ሰርግ፣ ለቅሶና በዓልን በእንግሊዝኛ ስናወራ የሚያሳስቱን ቃላት

እዚህ ሐዋሳ ማታ ማታ እንግሊዝኛ የማለማምዳቸው ወጣቶች አሉ። አብዛኞቹ ሆቴል ይሠራሉ፤ ጥቂቶቹ ሐይቁ ላይ ጀልባ ይነዳሉ። ስለ መንገድ፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ምግብ ሲያወሩ ጎበዞች ናቸው። እንግዳ «ትናንት የት ጠፋህ?» ሲላቸው ግን አንደበታቸው ይያዛል። ትናንት የዋሉት ለቅሶ ቤት ነዋ፤ ወይም ሰርግ፣ ወይም የእድር ስብሰባ ላይ። የኑሯችን እምብርት የሆነውን ይህን ነገር ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ያስተማረን የለም። ከአማርኛው ቃል በቃል ስንገለብጠው ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል።

በጣም የምሰማው ስህተት «ኢንቫይት» ላይ ነው። አማርኛ ላይ «ልጋብዝህ» ካልኩ ሒሳቡ የኔ ነው፤ አለቀ። «ኢንቫይት» ግን «ና፣ አብረን እንሁን» ከማለት ብዙም አያልፍም። ማን እንደሚከፍል ቃሉ ራሱ አይናገርም። አንዱ ተማሪዬ አሞራ ገደል ዓሣ በልተው ሲጨርሱ ለእንግዳው «አይ ኢንቫይት ዩ» አለው። እንግዳው ገና ወደፊት የሚጠራው መስሎት «መቼ?» አለና የድርሻውን ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ልጁ ቅር አለው፤ ግብዣውን የናቀበት መሰለው። ማለት የነበረበት «ኢትስ ኦን ሚ»፣ ሒሳቡ በኔ ነው፣ ነበር።

«ፕሮግራም አለኝ»ም እንደዚያው ነው። እንግሊዝኛ ላይ «ፕሮግራም» የቴሌቪዥን ዝግጅት ወይም የመርሐ ግብር ወረቀት ነው። ቀጠሮ ወይም የምትሄዱበት ጉዳይ ካላችሁ «አይ ሃቭ ፕላንስ» በሉ።

ሰርግ ላይ የሚያምታቱን ሁለት ቃላት አሉ። «ዌዲንግ» ቀኑና ድግሱ ነው። «ማሬጅ» ትዳሩ ነው። «ቅዳሜ ማሬጅ አለብኝ» ያለ ሰው ሊያገባ ነው ወይስ ሊታደም? አይለይም። ሽማግሌ መላክን ደግሞ «ኦልድ ሜን» ብላችሁ አትተርጉሙት። ያ ዕድሜን ብቻ ነው የሚያወራው። የተከበሩና ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌዎች «ኤልደርስ» ናቸው። መልስ ደግሞ «አንሰር» አይደለም! ከሰርጉ በኋላ ለሙሽሮቹ የሚደገስ ሌላ ድግስ ነው ብላችሁ አስረዱ፤ አንድ ቃል አትፈልጉለት።

ወደ በዓል ስንመጣ ችግሩ «ማክበር» ላይ ነው። እኛ ሰውንም እናከብራለን፣ በዓልንም እናከብራለን። እንግሊዝኛ ግን ለይቶታል። ለሰው «ሪስፔክት»፣ ለበዓል «ሴሌብሬት»። «ዊ ሪስፔክት ፍቼ ጨምበላላ» ብትሉ ሰሚው በዓሉን እንደማትቃወሙ ይረዳል እንጂ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ እንደዋላችሁ አያውቅም። ሦስተኛም ቃል አለ፤ «ኦብዘርቭ»። ስቅለትን የመሰለ በጾምና በስግደት የሚውል ቀን «ሴሌብሬት» ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል፤ ለእሱ «ኦብዘርቭ» ይሻላል።

ፍቼ ጨምበላላን ካነሳሁ አይቀር፣ እባካችሁ «ፓርቲ» አትበሉት። ፓርቲ ጓደኛሞች አንድ ምሽት የሚጫወቱበት ነው። ፍቼ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ ነው። ቀኑ የሚታወቀው የከዋክብትን አካሄድ በሚከታተሉ ሽማግሌዎች ነው። ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሰላም ይላሉ፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ቃል «ፌስቲቫል» ነው። «ሆሊደይ» ብቻውንም ያሳስታል፤ እንግሊዞች ዘንድ ከሥራ ተለይቶ ለዕረፍት መሄድ ነው። መሥሪያ ቤት የሚዘጋበት በዓል «ፐብሊክ ሆሊደይ» ይባላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ለቅሶ። «አይ ዌንት ቱ ክራይ» ሲሉ ስሰማ ሁልጊዜ አቋርጬ አርማለሁ። ይህ «ላለቅስ ሄድኩ» ነው፤ እንግዳው የራሳችሁ ሐዘን ያለ ይመስለዋል። ቀብሩ «ፊውነራል» ነው። ከቀብር በኋላ ድንኳን ውስጥ መቀመጡን፣ ሐዘንተኛን ማስተዛዘኑን በአንድ ቃል የሚጠራ እንግሊዝኛ አላገኘሁም። ስለዚህ የምታደርጉትን ተናገሩ፦ ቤተሰቡን ልጎበኝ ሄድኩ፣ «ቱ ፔይ ማይ ሪስፔክትስ»።

«ሶሪ»ንም ይቅርታ ብቻ አድርገን ነው የያዝነው። ሆቴል የሚሠራ ተማሪ አለኝ። የውጭ አገር ሰው የሆነ የሥራ ባልደረባው አባቱ ሞተውበት በስልክ ተረዳ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ምንም ሳይል ቀረ። «ሶሪ ልለው ፈልጌ፣ እኔ ምን አደረግኩትና ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ተውኩት» አለኝ። አንጀቴን በላው። ሐዘንተኛው የአገሩ ሰው ቢሆን «እግዜር ያጽናህ» ብሎ፣ አብሮት ተቀምጦ፣ ቡና አፍልቶ የሚያመሽ ልጅ ነው። «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» እንደኛው «እግዜር ያጽናህ» ለሐዘንተኛ የሚባል ነው እንጂ ይቅርታ መጠየቅ አይደለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ በፊት አጥኑልኝ።

«ሶሳይቲ»ን ለሰፈር ሰው አትጠቀሙበት። ሶሳይቲ የአገር ሙሉ ሕዝብ ያለበት ሥርዓት ነው። በስም የምታውቋቸው፣ ሲታመሙ የምትጠይቋቸው ሰዎች «ኮሚዩኒቲ» ናቸው።

እድርን «ኢንሹራንስ»፣ እቁብን «ሎተሪ» የሚሉም አሉ። ኢንሹራንስ ድንኳን አይተክልም፣ አስከሬን አይሸኝም። ሎተሪ የማይደርሳቸው ብዙ ናቸው፤ እቁብ ግን ተራው ይለያይ እንጂ ለሁሉም ይደርሳል። ስማቸውን እንዳለ ጥሩና አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። አንዱ የጀልባ ልጅ እድርን እንዲህ አስረዳ፦ «አወር ኔበርስ ፔይ ኤቭሪ መንዝ፣ ኤንድ ዊ ሄልፕ ኢች አዘር ዌን ሳምዋን ዳይስ»። ጎረቤቶች በየወሩ እንከፍላለን፣ ሰው ሲሞት እንረዳዳለን ማለቱ ነው። ጀልባው ከጉማሬዎቹ ተመልሶ ዳር እስኪደርስ እንግዶቹ ስለ እድር እየጠየቁት ነበር።