ለህንድ ሙዚቃ ድርሰት ርካሽ ኪቦርድ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦል ኢንዲያ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 ሃርሞኒየም (በወናፍ የሚሠራ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) በጣቢያዎቹ እንዳይሰማ አግዶ ነበር፤ እገዳው መላላት የጀመረው በ1971 ነው። የተቃዋሚዎቹ ክርክር ግልጽ ነበር። የሃርሞኒየም ቁልፍ ሲጫኑት የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ መሄድ፣ መወዛወዝ፣ ከቦታው በጥቂቱ ዝቅ ወይም ከፍ ማለት አይችልም። የህንድ ዜማ ውበት ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድም ያንኑ ድክመት ይዞ የመጣ መሣሪያ ነው፤ ልዩነቱ ድክመቱን የሚያካክስ ነገር ሊገጠምለት መቻሉ ነው። ከርካሾቹ ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ይህ ነገር አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም፤ በዋጋ ግን ብዙ አይራራቁም።

እዚህ ርካሽ የምንለው በግምት ከ150 እስከ 350 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣውን ነው። ሱቅ ውስጥ የሚነገርዎ ብዛት ነው፤ ይህን ያህል መቶ ድምፅ፣ ይህን ያህል መቶ ሪትም። እርስዎ ግን በቅድሚያ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ድምፁ ይታጠፋል ወይ? መነሻው ድምፅ፣ ማለትም “ሳ” (የህንድ ሙዚቃ ሰባቱ ድምፆች ሳ፣ ሬ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ይባላሉ)፣ ከስር ሳይቋረጥ ሊቆይ ይችላል ወይ? ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር ይገናኛል ወይ?

ፒች ቤንድ የሌለውን መግዛት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ከገዙ በኋላም ማረሚያ የለውም። ፒች ቤንድ በኪቦርዱ ግራ ጫፍ ያለ ተሽከርካሪ ጎማ ነው። ቁልፉን ተጭነው ጎማውን ሲገፉት ድምፁ ሳይቆረጥ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በሰሜን ህንድ ሙዚቃ ሚንድ የሚባለው መንሸራተት፣ በደቡቡ ካርናቲክ ሙዚቃ ደግሞ ጋማካ የሚባለው ማስጌጫ በርካሽ ኪቦርድ የሚወጣው በዚህ ጎማ ነው። ካርናቲክን በኪቦርድ በመጫወት የታወቀው ኬ. ሳትያናራያናን ጋማካዎቹን የሚያወጣው በፒች ቤንድ ነው።

ችግሩ ጎማ ያለውና የሌለው ሞዴል መልካቸው መመሳሰሉ ነው። ያማሃ ፒኤስአር-ኢ373 ለጀማሪ ጥሩ ኪቦርድ ነው፤ ጎማ ግን የለውም፣ ፒኤስአር-ኢ473 ግን አለው። ካሲዮ ሲቲ-ኤስ200 ጎማም የለውም፣ የጣት ግፊትም አይለይም፤ ሲቲ-ኤስ300 ሁለቱም አሉት። በእነዚህ በሁለቱ ካሲዮዎች መካከል ያለውን ትንሽ የዋጋ ልዩነት ለመቆጠብ ብለው 200ውን ከመረጡ ለህንድ ዜማ የሚያስፈልገውን ዋና ነገር ትተው ወጡ ማለት ነው።

ጎማ መኖሩ ብቻም አይበቃም። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት ርቀት 2 ግማሽ ድምፅ ነው፤ ግማሽ ድምፅ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። ከሳ ወደ ጋ መንሸራተት ቢፈልጉ 4 ግማሽ ድምፅ ያስፈልግዎታል፤ ስለዚህ ርቀቱ ከፍ ሊደረግ መቻሉን መመሪያው ላይ ይመልከቱ። ለአጫጭር ማስጌጫ 2፣ ለረጅም ሚንድ 5 በቂ ነው። 12 ላይ ማድረግ ያጓጓል፤ ነገር ግን የጣት ጥቂት እንቅስቃሴ ድምፁን አርቆ ስለሚወረውረው ልክ ቦታው ላይ ማሳረፍ ይከብዳል። ሱቅ ውስጥ የዋሽንት ወይም የቫዮሊን ድምፅ መርጠው አንድ ቁልፍ ይያዙና ጎማውን በጣም በዝግታ ይግፉት። ድምፁ ውኃ ሲወርድ እንደሚሰማው ከተጓዘ ደህና ነው፤ ደረጃ ደረጃ እያለ ከዘለለ ይተዉት።

ሌላም አለ። ጎማው የሚያጥፈው በዚያ ክፍል ያሉትን ድምፆች በሙሉ ነው። በግራ እጅ ሳን ይዘው በቀኝ እጅ ዜማውን ቢያጥፉ ሳም አብሮ ይታጠፋል። ከቦታው ፈጽሞ መነቃነቅ የሌለበት ድምፅ ደግሞ እሱ ነው። ግራና ቀኙ ተከፍሎ ሁለት የተለያየ ድምፅ ሲሰጥ ጎማው የትኛውን እንደሚነካ ከሞዴል ሞዴል ይለያያልና እዚያው ይሞክሩት።

ታንፑራን ለኪቦርዱ መተው

ራጋ፣ ማለትም የራሱ ድምፆችና ደንብ ያለው የህንድ ዜማ ሥርዓት፣ ከስሩ የማይቋረጥ ድምፅ ይፈልጋል። ይህን የሚሰጠው ባለ 4 ክር ታንፑራ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚቃኘው ፓ፣ ሳ፣ ሳ እና ዝቅተኛው ሳ ተብሎ ነው። ነገር ግን ማልካውንስን የመሰለ ፓ የሌለበት ራጋ ሲሆን የመጀመሪያው ክር ወደ ማ ይቀየራል። ታንፑራ ያላቸው ኪቦርዶች ይህን ምርጫ ይስጡ አይስጡ መጠየቅ አለበት፤ ካልሰጡ በማልካውንስ ላይ ሙሉ ቀን ፓ እየጮኸ ይቆያል። በእኛ እምነት ታንፑራውን ከስልክ አፕ አውጥቶ ኪቦርዱን ለዜማ ነፃ ማድረግ ይሻላል። አፑ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ቅኝቱ በፈለጉት ይስተካከላል፣ የፒች ቤንዱን ችግርም አብሮ ይፈታል።

ሲታር እና ሸናይ ስላለው “የህንድ ኪቦርድ” ነው ብሎ ማመን

ጄኔራል ሚዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የድምፆች ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለ ነው። በዚያ ዝርዝር 105ኛው ድምፅ ባለ ክሩ ሲታር፣ 112ኛው የትንፋሽ መሣሪያው ሸናይ ነው። ስለዚህ ይህን ዝርዝር የሚከተል ማንኛውም ኪቦርድ ሁለቱም አሉት። ሻጩ ሲታሩን ቢያሰማዎት ስለ ኪቦርዱ ምንም አልነገረዎትም። በዝርዝሩ ውስጥ የሌሉት ታብላ፣ የቀርከሃ ዋሽንቱ ባንሱሪ እና የህንዱ ሃርሞኒየም ናቸው፤ መፈተን ያለባቸውም እነሱ ናቸው።

ታብላውን እንዲህ ይፈትኑት። ታብላ ሁለት ከበሮ ነው፤ በቀኙ ላይ “ና” እና “ቲን”፣ በግራው ላይ “ጌ” እና “ካ” የሚባሉ ምቶች ይመታሉ። “ዳ” የሚባለው የናና የጌ አብሮ መመታት ሲሆን “ዲን” ደግሞ የቲንና የጌ ነው። ጥሩ የታብላ ድምፅ እነዚህን ምቶች በተለያዩ ቁልፎች ላይ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ በጣት ሲጫወቱ የፈለጉትን ያቀናጃሉ። የግራው ከበሮ ድምፅ በእጅ መዳፍ እየተገፋ ስለሚያጎነብስ፣ “ጌ” ላይ ያ ማጎንበስ ካልተሰማ የሚሰሙት ባዶ የከበሮ ምት ነው። በጥቂት ቁልፎች ላይ የተዘጋጀ ሙሉ የታብላ ሐረግ ብቻ ካገኙ ደግሞ በራስዎ መድረስ አይችሉም፤ ሌላው የተጫወተውን ማስደገም ብቻ ነው።

ለህንድ ገበያ ተብለው የሚሠሩ ሞዴሎች በዚህ በኩል ይሻላሉ። ያማሃ ፒኤስአር-አይ500 ሪያዝ የሚባል የልምምድ ክፍል አለው፤ ታብላና ታንፑራ አንድ ላይ ያስኬድልዎታል። ካሲዮ በሞዴል ስሙ መጨረሻ ላይ “አይኤን” የሚል የሚጨምርባቸው፣ ሮላንድም ኤክስፒኤስ-10 አላቸው። ከህንድ ውጭ ሲገዙ ግን ዋስትናው እርስዎ ባሉበት አገር ይሠራ እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። ዋጋው በማስመጫ ምክንያት ከናረ፣ ጎማ ያለው ተራ ኪቦርድ ገዝቶ ታብላውን ከኮምፒውተር ማምጣት ብልህነት ነው።

አውቶማቲክ ኮርድ ከራጋ ጋር ማጣመር

ይህ የግዢ ስህተትም፣ የአጠቃቀም ስህተትም ነው። ሰው ኪቦርዱን የሚመርጠው ስታይሎቹን፣ ማለትም የተዘጋጁ አጃቢዎቹን፣ ሰምቶ ነው፤ ስታይል ደግሞ ከምቱ ጋር ባስና ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይጨምራል። ማልካውንስን እንደገና እንውሰድ። ድምፆቹ ሳ፣ ዝቅተኛ ጋ (ከሙሉው ጋ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው)፣ ማ፣ ዝቅተኛ ዳ እና ዝቅተኛ ኒ ናቸው። ሳን ሲ ላይ አድርገው በግራ እጅ የሲ ማይነር ኮርድ ቢይዙ ኮርዱ ጂን ይጨምራል፤ ጂ ፓ ነው፣ ፓ ደግሞ በዚህ ራጋ የተከለከለ ነው። ዜማዎ ትክክል ሆኖ አጃቢው ራጋውን ያፈርሰዋል፤ የት እንደተበላሸም አያገኙትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። በያማሃ ላይ ኤሲኤምፒ የሚለውን፣ በካሲዮ ላይ የአጃቢ ቁልፉን ያጥፉት፤ ምቱ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሲገዙ ስታይሉን ያለ ኮርድ አስነስተው ይስሙት። ያለ ባሱና ያለ ኮርዱ ምቱ ብቻውን የሚያምር ከሆነ ይጠቅማል። ለፊልም ሙዚቃ የሚደርሱ ከሆነ ኮርዱ እንዲሁ ይቆይ፤ የህንድ ፊልም ዘፈን ኮርድን ከተቀበለ ቆይቷል።

ቅኝቱ ሊስተካከል መቻሉን አለመጠየቅ

የኪቦርድ 12 ድምፆች እኩል በእኩል የተከፋፈሉ ናቸው፤ በሁለት ተከታታይ ድምፆች መካከል ያለው ርቀት 100 ሴንት ይባላል። ታንፑራ ከስር እየተሰማ ግን ጆሮ የሚፈልገው ሌላ ነው። ሳ ሲ ላይ ከሆነ ሙሉው ጋ ከኪቦርዱ 14 ሴንት ያህል ዝቅ፣ ሙሉው ኒ 12 ዝቅ፣ ዝቅተኛው ጋ 16 ከፍ፣ ዝቅተኛው ሬ 12 ከፍ ሲል ከታንፑራው ጋር ይዋሐዳል። ፓ 2 ሴንት ብቻ ስለሚለይ ሊተው ይችላል። እነዚህ መነሻ ናቸው፤ ራጋው ያዝዛል። ዳርባሪ ካናዳ በሚባለው ራጋ ለምሳሌ ጋ በጣም ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል፤ እሱ የጎማው ሥራ ነው።

እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻ የሚያስተካክለው ክፍል በመመሪያዎች ላይ ስኬል ቲዩን ወይም ቴምፐራመንት ተብሎ ይገኛል። ሮላንድ ኤክስፒኤስ-10 አለው። በባህረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ደግሞ ለዓረብ ሙዚቃ የተሠራውን ያማሃ ፒኤስአር-ኤ350 ሊያይ ይችላል፤ የዓረብ መቃሞች (የዜማ ቅኝቶች) የሩብ ድምፅ ስለሚፈልጉ ቅኝት ማስተካከያም ፒች ቤንድም አለው። ያገለገለ የዓረብ ኪቦርድ ሲያዩ ማስተካከያው በ50 ሴንት ብቻ የሚዘል ሳይሆን በትንንሽ የሚሄድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በ50 ብቻ ከሆነ ለራጋ አይሆንም።

ለመሞከሪያ የአገራችን ቅኝት የለመደ ሰው ዕድለኛ ነው። ትዝታ ሜጀር ከራጋ ቡፓሊ ጋር አንድ ዓይነት አምስት ድምፆች አሉት፤ አምባሰል ደግሞ ከጉንካሊ ጋር። ጣትዎ በሚያውቀው አቀማመጥ ጎማውንና ቅኝቱን መፈተሽ ይችላሉ። ድምፆቹ አንድ ስለሆኑ ግን ራጋው ያው ነው ማለት አይደለም። ቡፓሊ እና ዴሽካር እንኳ ድምፆቻቸው አንድ ሆነው ሁለት ራጋ ናቸው፤ ቡፓሊ ጋ ላይ፣ ዴሽካር ዳ ላይ ያርፋል።

ሜትሮኖሙን በ4 ብቻ መስማት

የህንድ ሙዚቃ የምት ዙሮች ርዝመታቸው ይለያያል፦ ቲንታል 16 ምት፣ ጃፕታል 10፣ ሩፓክ 7፣ ዳድራ 6 ነው። ርካሽ ኪቦርዶች ውስጥ የሚገኙት የህንድ ስታይሎች አብዛኛውን ጊዜ ባለ 8ቱ ኬሄርዋና ባለ 6ቱ ዳድራ ናቸው፤ ሩፓክ ከፈለጉ በእጅዎ መሥራት አለብዎት። ሜትሮኖሙ (ምት ቆጣሪው) ስንት ድረስ እንደሚቆጥር ይዩ። በያማሃ ኢ ተከታታይ ሞዴሎች እስከ 60 መሙላት ይቻላል፤ 16 ቢሞሉት ደወሉ በየዙሩ መጀመሪያ፣ ማለትም “ሳም” ላይ ይደውላል። ቲንታል ላይ 9ኛው ምት ባዶ መሆኑን ግን አያመለክትዎትም፤ ያን በጆሮ መያዝ ነው።

የቁልፍ ብዛትና የጣት ግፊት

61 ቁልፍ አምስት ኦክታቭ ነው። የእጅ ሃርሞኒየም አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ተኩል ኦክታቭ ስላለው 61 ይተርፋል፤ ለ88 ቁልፍ ገንዘብ አይጨምሩ። ትንንሽ ቁልፍ ያላቸውን የልጆች መጫወቻ ግን ይተዉ። የጣት ግፊት መለየት ለሲታርና ለታብላ የግድ ነው፤ ሃርሞኒየም ሲጫወቱ ያጥፉት፣ እውነተኛው ሃርሞኒየም የሚጮኸው በወናፉ ኃይል ነውና።

ለዘፋኝ የሚደርሱ ከሆነ ትራንስፖዝ ያስፈልግዎታል። ወንድ ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ሳን ከሲ እስከ ዲ፣ ሴቶች ከጂ እስከ ኤ አካባቢ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ ሳን ሲ ላይ እያሰቡ መጻፍና ድምፁን በትራንስፖዝ ማዛወር ሥራን ያቀላል፤ ያስተካከሉት ቅኝት አብሮ መጓዙን በጆሮ ያረጋግጡ።

የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳን እንደ ኮምፒውተር መገናኛ መቁጠር

ያማሃ ፒኤስአር-ኢ273 ወደ ኮምፒውተር የሚሄድ የዩኤስቢ መስመር የለውም፤ የጣት ግፊትም አይለይም። ለድርሰት ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ በዩኤስቢ የሚላከው የተጫወቱት ኖታና የጎማው እንቅስቃሴ ስለሆነ በኋላ አንዷን ስህተት ለይቶ ማረም ይቻላል። ከጆሮ ማዳመጫ የተቀዳ ድምፅ ላይ ይህ አይሆንም።

ቁልፉን ከተጫኑ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ከመጣ ኪቦርዱን አይውቀሱ። ቀረጻው በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲሆን የፕሮግራሙ በፈር (ድምፁን ለአፍታ የሚያከማችበት መጠን) 512 ላይ ከሆነ ብቻውን 12 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 128 ላይ ሲያደርጉት 3 ገደማ ይሆናል። ኮምፒውተሩ መንጫጫት ከጀመረ ወደ 256 ይመልሱት።

ያገለገለውን በድምፁ ብቻ መመዘን

እያንዳንዱን ቁልፍ አንዴ በቀስታ አንዴ በኃይል ይጫኑ፤ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ ቁልፍ ካለ ከስሩ ያለው የላስቲክ መገናኛ አርጅቷል ወይም ቆሽሿል። ከዚያ ጎማውን ወደ ላይ ገፍተው ይልቀቁት፣ ወደ ታችም እንዲሁ። ከሁለቱም አቅጣጫ ሲመለስ ድምፁ ከታንፑራው አፕ ጋር በትክክል ካልገጠመ መሃሉን ስቷል ማለት ነው፤ የሚያስተካክሉት ቢመስልዎትም ዜማው ሁሉ በጥቂቱ የወጣ ይሆናል። አስማሚውንም ይዩ። በጀርባው የተጻፈው ቮልት፣ የመሃል ምልክቱ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑ ከኪቦርዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከአሜሪካ የመጣ አስማሚ 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል።