ብዙ ሞጁል ያለው የአንድሮይድ ፕሮጀክት በግሬድል ቶሎ ቢልድ እንዲሆን

አንድ መስመር ቀይረው ግማሹ ፕሮጀክት እንደገና ኮምፓይል የሚደረግ ከሆነ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የሞጁሎቹ (ፕሮጀክቱ የተከፋፈለባቸው የኮድ ክፍሎች) ትስስር ነው። አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

ምንም ሳይነኩ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ቢልድ ያድርጉ። በሁለተኛው ዙር እንደገና የሠራ ታስክ (የቢልዱ አንድ እርምጃ) ካለ ቢልዱን በኢንፎ አማራጭ (--info) ያስኪዱት፤ የትኛው ግብዓት እንደተለወጠ የቢልድ መሣሪያው ግሬድል ራሱ ይነግርዎታል። የተለመደው ጥፋተኛ ቢልድ ኮንፊግ (የቢልድ መረጃ የሚይዝ በራሱ የሚመነጭ ክላስ) ውስጥ የሚጻፍ የቢልድ ሰዓት ነው። ለዲበግ (ለመሞከሪያ) ቢልድ ቋሚ እሴት ይስጡት።

ዋናው ሥራ ኤፒአይ (api) ተብለው የተገለጹትን ዲፔንደንሲዎች፣ ማለትም አንድ ሞጁል የሚጠቀምባቸውን ሌሎች ሞጁሎችና ላይብረሪዎች፣ ማጣራት ነው። የክፍያ ሞጁል የኔትወርክ ሞጁልን በኤፒአይ ካስገባ፣ በኔትወርኩ ፐብሊክ ክላሶች ላይ የሚደረግ ለውጥ ክፍያን ወደሚጠቀሙት ሞጁሎች ሁሉ ይዛመታል። በኢምፕሊመንቴሽን (implementation) ካስገባው ግን ለውጡ ክፍያ ላይ ይቆማል። ኤፒአይ የሚያስፈልገው የኔትወርክ ክላስ በክፍያ ፐብሊክ ሜተድ ላይ ሲታይ ነው። አሰልቺ ነው፤ ግን አይዝለሉት።

ካፕት (kapt፣ በኮትሊን ኮድ ላይ አኖቴሽን ፕሮሰሰሮችን የሚያስኬድ መሣሪያ) የጃቫ ስተብ (ሥራ የሌለው የክላስ ቅርጽ) ስለሚያመነጭ ያዘገያል። የዳታቤዝ ላይብረሪውን ሩምንና መሰሎቹን ስተብ ወደማያስፈልገው ኬኤስፒ (KSP) ያዛውሩ፤ ነገር ግን በሞጁሉ ውስጥ አንድ ፕሮሰሰር እንኳ በካፕት ከቀረ ስተብ ማመንጨቱ ይቀጥላል።

በግሬድል ፕሮፐርቲስ ፋይል ፓራለልን፣ ካሺንግንና ኮንፊገሬሽን ካሽን ያብሩ። የዲመኑ (ከበስተጀርባ የሚሠራው የግሬድል ፕሮሰስ) ነባሪ ሂፕ (ከፍተኛ የሜሞሪ ገደብ) 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ፣ 16 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ በ4 ጊጋባይት ይጀምሩ።

ከየቢልዱ በፊት ክሊን ማድረግንም ይተዉ፤ የሞጁሎቹን የተዘጋጀ ውጤት ሁሉ ይደመስሳል።