ሙዚቃ ማቀናበር ስትጀምሩ ቃላቱ እንዳያሳስቷችሁ

ባሕር ዳር፣ ከቤቴ አንዷን ክፍል ስቱዲዮ አድርጌ ሙዚቃ እቀርጻለሁ። ከዳንግላ፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም ላፕቶፓቸውን ይዘው የሚመጡ ወጣቶች አሉ። ጆሮ አላቸው፤ ዜማውም ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያደገ ነው። ወደኋላ የሚያስቀራቸው ቃሉ ነው። ጌን፣ ሚዲ፣ ኮምፕሬሰር፣ ሪቨርብ ሲባል ሁሉም በመሰለው ይተረጉመዋል፤ በአማርኛ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው የለማ! ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ቃሉን መሸምደድ፣ ድምፁን አለመስማት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። አንድ ልጅ ደብተር ሙሉ ቃል ከነትርጉሙ ጽፎ መጣ። አንዱን ድምፅ በሁለት መልክ አሰማሁትና «ኮምፕሬሰር ያለበት የትኛው ነው?» አልሁት። ዝም አለ። ትርጉሙን ግን አንዲት ቃል ሳይስት ይለዋል። ጎጃም እኮ የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ተማሪው የጉባኤ ቃናን፣ የባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ፣ ልክ ሰምቶ ብቻ አያልፍም፤ ራሱ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይቆጥራል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በቀን አንድ ቃል ይበቃል። የራሳችሁን ድምፅ ቅረጹ፣ መሣሪያውን ክፈቱ፣ መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ድምፁ ሲበላሽ ስሙት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ መልሱት። ልዩነቱ መሰማት የሚጀምርበትን ቦታ በደብተራችሁ ጻፉ።

ሚዲን እንደ ድምፅ መቁጠር

«ዘፈኑን ልኬልሃለሁ፣ ዋሽንቱን ስማልኝ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ደረሰኝ። ፋይሉን ስከፍተው ዋሽንት የለም፤ የሚጫወተው ፒያኖ ነው። ልጁ የላከው ሚዲ ነበር። ሚዲ በ1983 እ.ኤ.አ. መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ የወጣ ቋንቋ ነው። የቱ ኖታ፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ከ0 እስከ 127 ባለው ልክ ምን ያህል ጠንክሮ እንደተመታ ይናገራል እንጂ በውስጡ ድምፅ የለም። በድጓ ላይ ከፊደሉ በላይ እንደሚጻፈው የዜማ ምልክት ቁጠሩት፤ ምልክቱ ያመለክታል፣ የሚያዜመው መሪጌታው ነው። የዚያ ልጅ ዋሽንትም ከራሱ ኮምፒውተር አልወጣም ነበር። ለሌላ ሰው ስትልኩ ዋቭ፣ ማለትም ድምፁ ራሱ ያለበት ፋይል፣ አድርጋችሁ አውጡት።

ጌንና ቮልዩምን ማምታታት

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች ክፍሌ ገብተው ሲጫወቱ መለኪያው ቀይ እየነካ ነበር። ፌደሩን፣ ማለትም ተንሸራታቹን የቮልዩም መቆጣጠሪያ፣ ዝቅ አደረግሁና «ተስተካክሏል ጋሼ፣ ይቀጥሉ» አልኋቸው። ማታ ስሰማው ደጋኑን ጫን ባሉበት ቦታ ሁሉ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። ጌን የሚወስነው ድምፁ ሲገባ የሚኖረውን ኃይል ነው፤ ቮልዩም ደግሞ ከገባ በኋላ የምንሰማውን። የድምፅ ኃይል በዴሲቤል ይለካል፤ በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። ከዚያ ያለፈው ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን ፌደር አይመልሰውም። በ24 ቢት ስትቀርጹ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ቢውል በቂ ነው። እኒያ አባት ተመልሰው መጥተው እንደገና ተጫወቱልኝ። የመጀመሪያው ቀን አጨዋወታቸው ግን አልተደገመም፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዲሌይንም ሪቨርብንም «ኤኮ» ማለት

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከገደሉ ፊት ቆማችሁ ተጣሩ። ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣል፤ ያ የገደል ማሚቶ ነው፣ ዲሌይ ማለትም እሱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ገደሉ 170 ሜትር ቢርቅ ጥሪያችሁ ከ1 ሰከንድ በኋላ ይደርሳችኋል፤ በመሣሪያው ላይ 1000 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ለሪቨርብ ደግሞ ባዶ አዳራሽ ገብታችሁ አጨብጭቡ። ከግድግዳውም ከጣሪያውም ከወለሉም ብዙ ምላሽ ተደራርቦ ስለሚመጣ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ጭብጨባው ጅራት ያወጣል።

ኮምፕሬሽን ሲባል ሁለት ነገር እንዳለ ብቻ ያዙ። ዋቭን ወደ ኤምፒ3 ለውጦ ፋይሉን ማሳነስ አንድ ነው። ኮምፕሬሰር የሚቀንሰው ግን የፋይሉን መጠን ሳይሆን ካስቀመጣችሁለት ወሰን ያለፈውን የድምፅ ኃይል ነው፤ 4 ለ 1 ላይ ካደረጋችሁት፣ ከወሰኑ በ8 ዴሲቤል ያለፈው በ2 ብቻ አልፎ ይወጣል። ሚክስና ማስተርም እንዲሁ ይምታታሉ። ከበሮው፣ ክራሩና ድምፃዊው ለየብቻ ተይዘው የሚመጣጠኑት በሚክስ ነው፤ ማስተር የሚደረገው ያለቀው አንድ ፋይል ነው።

ቅኝትን ሜጀር ብሎ ማለፍ

በዚህ እቆጫለሁ፤ የሚጠፋው የራሳችን ነገር ነውና። ትዝታ የሚዘፍንን ልጅ «ሜጀር ነው» ብለው አውቶቲዩኑን፣ ማለትም የዘፋኙን ድምፅ ወደ ቅርቡ ኖታ የሚያርመውን መሣሪያ፣ ሜጀር ላይ ያደርጉታል። ሜጀር 7 ድምፅ አለው። ትዝታ 5 ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ዘፋኙ ከሚ ወደ ሶል ሲንሸራተት መሣሪያው መንገድ ላይ «ፋ»ን ያገኝና እዚያ ይይዘዋል፤ ዘፈኑም ትዝታነቱን ያጣል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬም የየራሳቸው ድምፆች አሏቸው። ስለዚህ መቅረጽ ሳትጀምሩ ዘፋኙን «በምን ቅኝት ነው የምትዘፍነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የቅኝቱን 5 ድምፆች ብቻ ክፍት ተዉ፤ የማረሚያውንም ፍጥነት አዘግዩት። ፈጣን ከሆነ በጉሮሮው የሚያርገበግበውን ሁሉ ቀጥ ያደርገዋል።