256 ጊጋ ይዞ የሚንቀረፈፍ ሰርቨር፦ ሚሞሪ ስንገዛና ስንሰካ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ መሥሪያ ቤት ጠርቶኝ ሄድኩ። ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ሰርቨር አላቸው፤ ሚሞሪው 256 ጊጋባይት ነው። ማታ የሚጀመረው የዳታቤዝ ሪፖርት ግን ሠራተኛው ጠዋት ከገባም በኋላ አያልቅም። ሚሞሪ አንሶት ነው ብለው ተጨማሪ ለመግዛት ደብዳቤ አዘጋጅተዋል። ክዳኑን ስከፍተው ስምንት ባለ 32 ጊጋ ራም አገኘሁ። ስድስቱ በአንደኛው ፕሮሰሰር በኩል፣ ሁለቱ ብቻ በሌላኛው በኩል ተሰክተዋል። አንድም ራም ሳንገዛ አራት አራት አድርገን በየቦታቸው መለስናቸው። ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱ ሥራ ሳይጀመር አልቆ ይጠብቃቸዋል።

እንዲህ ያለው ነገር ያንገበግበኛል። በስንት ልፋት በተገኘ የውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማሽን፣ ራሙ በተሳሳተ ቦታ ስለተሰካ ብቻ ከአቅሙ በታች ይሠራል። ማንም ልብ አይለውም፤ ሰርቨሩ ይነሳል፣ 256 ብሎ ያሳያል፣ አለቀ።

ከዚህ በታች ምሳሌዬን በብዛት የምወስደው ከዴል ፓወርኤጅ አር740 ነው። ሁለት የኢንቴል ዜኦን ፕሮሰሰር ይይዛል። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር 6 የሚሞሪ ቻናልና 12 ስሎት (የራም መሰኪያ ቦታ) አለው። በድምሩ 24 ስሎት ማለት ነው።

ጊጋባይት እንጂ ቻናል አለመቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ የሚጀምረውም ገና ግዢ ላይ ነው።

ቻናል በፕሮሰሰሩና በሚሞሪው መካከል ያለ መንገድ ነው። በሰከንድ 2933 ሚሊዮን ጊዜ የሚያስተላልፍ ዲዲአር4 ራም የተሰካበት አንድ ቻናል በስሌት ደረጃ በሰከንድ 23.5 ጊጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ስድስቱም ቻናል ራም ካላቸው ወደ 140 ይደርሳል። አራቱ ብቻ ከሆኑ 94፣ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ 47 ገደማ ነው። ራሙ ያው ራም፣ ፕሮሰሰሩም ያው ፕሮሰሰር ነው። የተለወጠው የተከፈተው መንገድ ብዛት ነው።

አሁን የጨረታ ሰነዶቻችንን እዩ። "ሚሞሪ፦ 256 ጊጋባይት" ይልና ያልፋል። አቅራቢው ስምንት ባለ 32 ያመጣል፤ ሰነዱን አሟልቷልና አይፈረድበትም። ስምንት ግን ለ12 ቻናል አይዳረስም። በየፕሮሰሰሩ ሁለት ቻናል ባዶውን ይቀራል። በአራት ባለ 64 ካመጣው ደግሞ ባሰ፤ በየፕሮሰሰሩ የሚሠራው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። በዚህ ሰርቨር ላይ የሚያምሩት ቁጥሮች 192 እና 384 ናቸው፤ 12 ባለ 16 ወይም 12 ባለ 32። የጠራኝ መሥሪያ ቤትም አራት አራት ካደረግን በኋላ ተሻለው እንጂ ሙሉ አቅሙን አላገኘም። ለዚያ አራት ራም ይቀረዋል።

ቁጥሩ ከትውልድ ትውልድ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ዜኦን ስኬለብል በፕሮሰሰር 8 ቻናል አለው። እዚያ ላይ 256 ግሩም ቁጥር ነው፤ 16 ባለ 16 ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው የኤኤምዲ ኢፒክ ጄኖዋ ደግሞ 12 ቻናል አለው፤ ለሁለት ፕሮሰሰር 24 ራም ይፈልጋል። ስለዚህ ስፔሲፊኬሽን ስትጽፉ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "የሁለቱም ፕሮሰሰር ቻናሎች በሙሉ እኩል መጠን ባላቸው ራሞች ይሞሉ።" ይቺ መስመር ብዙ ነገር ታድናለች።

አንዱን ፕሮሰሰር አጥግቦ ሌላውን ማስራብ

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ጓዳ፣ ማለትም በእሱ በኩል የተሰካ ሚሞሪ አለው። ከጓዳው ሲያወጣ ይፈጥናል። የፈለገው ነገር ጎረቤት ጓዳ ካለ በሁለቱ ፕሮሰሰሮች መካከል ባለው ማገናኛ ተሻግሮ ያመጣል። ይህ ጉዞ በዚህ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል። ማገናኛው ሲጨናነቅ ደግሞ ይብሳል። ባለሙያዎች ኑማ የሚሉት አሠራር ይሄ ነው።

ስድስትና ሁለት የተሰካው ሰርቨር ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። ሁለተኛው ፕሮሰሰር ጓዳው ሁለት ራም ብቻ ስለያዘ ቀን ከሌት ከጎረቤት ይበደራል። ሁለቱም ጎን በብዛትም፣ በመጠንም፣ በስሎት ቦታም መንትያ ይሁኑ።

ቨርቹዋል ማሽን የምትሠሩ ሰዎችም ይህን አስቡበት። 384 ጊጋ ያለው ሰርቨር በየፕሮሰሰሩ 192 ነው ያለው። 220 ጊጋ የሚወስድ አንድ ቨርቹዋል ማሽን ብትፈጥሩ የግድ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። 180 የሚበቃው ከሆነ 180 ስጡት።

ሁለተኛው ፕሮሰሰር ጭራሽ ካልተገጠመ ደግሞ በእሱ በኩል ያሉት ስሎቶች አይሠሩም። "ራሙ ተበላሽቷል" ተብሎ ሲመለስ ያየሁት አለ፤ ራሙ ደህና ነበር።

በግምት መሰካት

በአር740 ላይ መያዣቸው ነጭ የሆኑት ስሎቶች ከ1 እስከ 6 ያሉት ናቸው፤ ጥቁሮቹ ከ7 እስከ 12። መጀመሪያ የሚሞላው ነጩ ነው። ግን ለአንድ ፕሮሰሰር አራት ራም ብቻ ካላችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4 አይደለም፤ 1፣ 2፣ 4፣ 5 ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሁለት የሚሞሪ መቆጣጠሪያዎች ሦስት ሦስት ቻናል ስለያዙ፣ ራሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው መካፈል አለባቸው።

ዴል ላይ የለመደ እጅ ኤችፒኢ ፕሮሊያንት ዲኤል380 ጄን10 ላይ ይሳሳታል። እዚያ ስድስት ራም የሚሰካው 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ነው። የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥዕሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተለጥፏል።

ያገኙትን ራም መቀላቀል

አርዲም እና ኤልአርዲም የሚባሉት ዓይነቶች በአንድ ሰርቨር አብረው አይሠሩም። ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች ከተቀላቀሉ ሁሉም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ። መጠናቸው የተለያየ ከሆነ ትልቁ ነጩ ላይ ይሰካል፣ ትንሹ ጥቁሩ ላይ።

የፕሮሰሰሩን ጣሪያም አትርሱ። ዜኦን ሲልቨር 4210 ሚሞሪን የሚያስኬደው በሰከንድ ቢበዛ በ2400 ሚሊዮን ጊዜ ነው። ለእሱ ብላችሁ ባለ 2933 ብታስመጡ ይሠራል፤ ግን በ2400። ለፍጥነቱ የተከፈለው ብር ባክኗል።

ስሎት መሙላትም ሁልጊዜ ጥቅም አይደለም። በአራተኛው ትውልድ ዜኦን ላይ በየቻናሉ አንድ ራም ሲሆን ፍጥነቱ 4800 ነው። ሁለት ሁለት ሲደረግ ወደ 4400 ይወርዳል። የሚፈለገው መጠን በአንድ አንድ ከተሟላ እዚያው ላይ መቆም ይሻላል።

ባዮሱን ሳያዩ መተው

ባዮስ ሰርቨሩ ሲነሳ የሚከፈት የማስተካከያ ገጽ ነው፤ እዚያ ሦስት ነገር ብቻ እዩ። ሁለቱን ጓዳዎች አንድ አስመስሎ የሚያቀላቅለው ኖድ ኢንተርሊቪንግ ይጥፋ፤ ከበራ ስለ ጓዳ ያወራነው ሁሉ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰወራል። ሚረር ሞድ ሳታስቡበት አይብራ፤ ለደህንነት ሲል ሁሉን ነገር ሁለት ቦታ ስለሚጽፍ መጠኑን በግማሽ ይቀንሰዋል። የሲስተም ፕሮፋይሉ ደግሞ ፍጥነት ለሚፈልግ ሥራ ፐርፎርማንስ ላይ ይሁን።

ሰክቶ መሄድ

ራሙን ከመንካታችሁ በፊት ከባዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መዝግቡ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሊኑክስ ላይ ዲኤምአይዲኮድ (dmidecode) የሚባለውን ትእዛዝ አስነሱ። ለእያንዳንዱ ራም ሁለት የፍጥነት መስመር ያሳያል፤ አንዱ የራሙ አቅም፣ ሌላው አሁን የሚሠራበት። ከተለያዩ ምክንያቱን ፈልጉ። ኑማሲቲኤል (numactl) የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ በየፕሮሰሰሩ ስንት ጊጋ እንዳለ ይነግራችኋል፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። የዴሉ አይድራክ ወይም የኤችፒኢው አይሎ በሚባሉት የርቀት መቆጣጠሪያዎች ላይም የትኛው ስሎት ምን እንደያዘ ይታያል።

ክዳኑን ከመመለሳችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ ከሰርቨሩ ሰነድ ጋር ይቀመጥ። በሚቀጥለው ዓመት ራም ሊጨምር የሚመጣው ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ የትኛውን ዓይነትና ስንት መግዛት እንዳለበት ያውቃል።