«ብስክሌት ቀነሰ» የሚል ሪፖርት ሲመጣ፦ የካልትሬን ተሳፋሪና ብስክሌት ቆጠራ ችግርና መፍትሄ

ካልትሬን ሳን ፍራንሲስኮን በሲሊከን ቫሊ በኩል ከሳን ሆዜና ከጊልሮይ ጋር የሚያገናኝ የሠራተኛ ማመላለሻ ባቡር ነው። ከ1992 ጀምሮ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ብስክሌት ይዞ መሳፈር ይፈቀድበታል፤ ስለዚህ ሰው ብቻ ቆጥሮ መገላገል የለም። ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው መሠረታዊውን ለሚያውቅ ነው፦ ደርሶ መልስ የሄደ አንድ ሰው ሁለት ጉዞ ተብሎ እንደሚመዘገብ፣ የሥራ ቀን ቆጠራ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ እንደሚደረግ፣ የበዓል ሳምንት እንደሚዘለል።

የተሳፈረውና የወረደው አይገጥምም

ባቡሩ ከተነሳበት እስከሚያበቃበት ጣቢያ የገባው ሰው ሁሉ መውጣት አለበት። የጥቂት ሰው ልዩነት ያለ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው መነሻው ጣቢያ ላይ ነው። ቆጣሪው ባቡሩ ሊነሳ 3 ደቂቃ ሲቀረው ይመጣና ቀድመው ገብተው የተቀመጡትን ሳይቆጥር ይጀምራል። በሩ ከመከፈቱ በፊት መቆም ነው ያለበት፤ ከዘገየ ደግሞ በፉርጎው ውስጥ ሄዶ የተቀመጡትን ቆጥሮ «መነሻ ላይ የተገኘ» ብሎ ለብቻ ይጻፍ።

በሴንሰር በሚቆጠር ባቡር ላይ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት በሂሳብ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ አንዱ በር ገቢውን ወጪ፣ ወጪውን ገቢ አድርጎ እየመዘገበ ነው። ይህ ከጥገና በኋላ ይመጣል። የዚያን በር ሁለት ዓምዶች ብቻ አቀያይሩ። ጥፋተኛውን በር ሳያገኙ ልዩነቱን ለጣቢያዎቹ ሁሉ እያካፈሉ «ማመጣጠን» ስህተቱን መቅበር ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ታገኙታላችሁ።

የካርዱ መረጃ ከቆጠራው ጋር ተራርቋል

ካልትሬን ላይ እንደ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር (ሜትሮ) የሚከፈትና የሚዘጋ የቲኬት በር የለም። መንገደኛው ክሊፐር የሚባለውን የክፍያ ካርዱን መሳፈሪያው ላይ ካለው ማንበቢያ ጋር ያስነካል፣ ኮንዳክተሩ ባቡር ውስጥ ይፈትሻል። የወር ቲኬት የያዘ ሰው ግን ሲያስነካ የኖረው በወሩ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ነው። አሠሪዎች ለሠራተኛ የሚገዙት ጎ ፓስም ለብዙ ዓመት የሥራ መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ነበር፤ የማይነካ ቲኬት ደግሞ በማሽን አይታይም። ስለዚህ የካርድ ንክኪ ጉዞ አይደለም። በየቲኬቱ ዓይነት «አንድ ንክኪ ስንት ጉዞ ነው» የሚል ማባዣ ያስፈልጋል፣ ማባዣውም የሚገኘው ባቡር ውስጥ ጠይቆ ነው።

ወጥመዱ ማባዣው ማርጀቱ ነው። በሳምንት 5 ቀን ይመላለስ የነበረ ሠራተኛ ግማሹን ሳምንት ከቤት መሥራት ሲጀምር የወር ቲኬት አያዋጣውም፤ በየጉዞው መክፈል ይጀምራል። ሰውዬው የሚጓዘው ከበፊቱ ባነሰ ነው፣ የሚያስነካው ግን ከበፊቱ በበዛ። ሰንጠረዡ ላይ «አድጓል» ይላል። የቲኬት ዓይነቶች ድርሻ በተለወጠ ቁጥር ማባዣው እንደገና ይሰላ፤ የአምና ማባዣ ለዘንድሮ አይሠራም።

የጉዞው ብዛት ባንድ ወር ዘለለ

መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ሙሉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት የተጀመረው መስከረም 21 ቀን 2024 ነው። ባቡሮቹ ፈጠኑ፣ ቅዳሜና እሑድም በየግማሽ ሰዓቱ መምጣት ጀመሩ፤ ከዕድገቱ ብዙው እውነተኛ ነው። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሽቦው ጊልሮይ አይደርስም። ከጊልሮይ የሚነሳ መንገደኛ ሳን ሆዜ ዲሪደን ጣቢያ ከናፍጣው ባቡር ወርዶ የኤሌክትሪኩን ይይዛል። አንድ ጉዞው በበር ቆጠራ ሁለት ሆነ ማለት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል የሕዝብ ትራንስፖርት አስተዳደር የሚቀበለው ባቡር መቀየሩ (ዝውውሩ) እንደ አዲስ ጉዞ የሚቆጠርበትን ቁጥር ስለሆነ ሪፖርቱ ስህተት የለበትም፤ ያንኑ ቁጥር ከ2023 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ዕድገት» ማለቱ ነው ስህተቱ። ዲሪደን ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩትን ለብቻ ቆጥራችሁ ሁለት መስመር አውጡ፤ አንዱ ዝውውሩ ሳይቀነስ፣ ሌላው ተቀንሶ።

በባቡር መለያ ቁጥርም አታወዳድሩ። መርሐ ግብሩ ሲለወጥ ቁጥሩ ለሌላ ጉዞ ይሰጣል። በሰዓት ክልልና በአቅጣጫ ይወዳደር።

ብስክሌቱ ቀነሰ፣ ወይም ባለበት ቆመ፤ መሳፈሪያው ላይ ግን ሰው ብስክሌቱን ይዞ ቀርቷል

የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው።

ከኤሌክትሪኩ በፊት ሁለት ዓይነት ባቡሮች ነበሩ። ጋለሪ የሚባለው ባቡር 2 የብስክሌት ፉርጎ ነበረው፣ በያንዳንዱ 40፣ በድምሩ 80። ቦምባርዲየር የሚባለው ለዓመታት 48 ብቻ ነበር የሚይዘው፣ በኋላ ሦስተኛ የብስክሌት ፉርጎ ተጨምሮለት 72 ደረሰ። አሁን ያለው ባለ 7 ፉርጎ የኤሌክትሪክ ባቡር 72 ይይዛል፤ የካልትሬን ቦርድ በ2015 ለ8 ወንበር 1 የብስክሌት ቦታ ብሎ ከወሰነው የመጣ ነው።

ከኤሌክትሪኩ በፊት የተደረገ ቆጠራ አስቡት። በአንዱ ዓመት የጠዋቱ 2 ሰዓት ባቡር የተቆጠረው ጋለሪ በሆነበት ቀን ነው፣ 75 ብስክሌት ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በቆጠራው ቀን ጋለሪው ተበላሽቶ ቦምባርዲየር ተተካ፣ 48 ተገኘ። ሰንጠረዡ «በ36 በመቶ ቀነሰ» ይላል። የቀነሰው መደርደሪያው ነው፣ ባለብስክሌቱ መሳፈሪያው ላይ ቆሟል! ስለዚህ ከየብስክሌት ቁጥሩ ጎን የባቡሩ ዓይነትና የያዘው የብስክሌት ቦታ መጻፍ አለበት። ይህ ዓምድ የሌለው የድሮ ሰንጠረዥ ለአዝማሚያ አይጠቅምም፤ ለመሙላት የዕለቱን የባቡር ስምሪት መዝገብ ፈልጉ።

ቦታው እኩል ቢሆንም ጣጣው አያልቅም። ጠዋት ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ የሚሄደውን ውሰዱ። 72 ቦታ ያለው ባቡር መነሻው ጣቢያ ላይ 58 ብስክሌት ይጭናል እንበል። ሁለተኛው ጣቢያ ትዌንቲ ሰከንድ ስትሪት ነው። እዚያ 21 ሰው ብስክሌት ይዞ ቆሟል፤ 14 ይገባል፣ 7 ይቀራል። ቅጹ ላይ የሚጻፈው 72 ነው። በሚቀጥለው ዓመት 30 ሰው ቢቆምና 16 ቢቀርም የሚጻፈው ያው 72 ነው። ይህ የፈላጊ ልክ አይደለም፤ «ቢያንስ 72» ማለት ነው። ሞልቶ የሄደ ባቡር ቁጥሩ በሌላ ቀለም ይለይ፣ አማካይ ውስጥ እንደ ተራ ቁጥር አይግባ። ከአማካዩ ይልቅ የሚናገረው ከባቡሮቹ ስንቱ ሞልቶ ሄደ የሚለው ነው።

«የቀሩትን ቁጠሩ» ሲባል ደግሞ ሌላ ስህተት ይፈለፈላል። እዚያው ጣቢያ ቀጣዩ ባቡር ሲመጣ መሳፈሪያው ላይ 19 ሰው አለ። ከነዚህ 7ቱ ከፊተኛው የቀሩት ናቸው። 10 ይገባል፣ 9 ይቀራል። ችኩል ሰው 7 እና 9 ደምሮ «16 ሰው ቀረ» ይላል፤ 21 እና 19 ደምሮም «ፈላጊው 40 ነው» ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው። አዲስ የመጣው 19 ሲቀነስ 7፣ ማለትም 12 ነው። ፈላጊው 21 ሲደመር 12፣ 33። የተሳፈረው 24። በስተመጨረሻ የቀረው 9። ይህ የሚሠራው ግን ቆጣሪው መሳፈሪያው ላይ ከቆየና ተስፋ ቆርጦ ጥሎ የሄደውን ለብቻ ከጻፈ ነው። ባቡር ውስጥ ያለ ቆጣሪ የቀሩትን በመስኮት እያየ የሚጽፈው ግምት ነው፤ ግምት ተብሎ ይጻፍ።

ሞላ የሚባለውም 72 ሲደርስ ብቻ አይደለም። መደርደሪያው ላይ ብስክሌቶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው በላስቲክ ገመድ ይታሰራሉ። ቅርጫት የተገጠመለት፣ የልጅ ወንበር ያለው፣ ጎማው ወፍራም የሆነ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በገባ ቁጥር ለ4 የታሰበው መደርደሪያ 3 ይይዛል። የሚወርዱበትን ጣቢያ የሚያሳየውን ምልክት የማያንጠለጥሉም አሉ፤ ሩቅ የሚሄደው ከውጭ፣ ቅርብ የሚወርደው ከውስጥ ይሆንና ሬድዉድ ሲቲ ሲደረስ ትርምስ ነው። በዚህ ምክንያት 63 ላይ ሰው ከተመለሰ፣ የዚያ ባቡር ልክ 63 ነው። «72 ስላልደረሰ ቦታ ነበረው» ብሎ የሚከራከር ሰው አንድ ጠዋት ብስክሌት ይዞ ይምጣ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ይሁን። ለያንዳንዱ የብስክሌት ፉርጎ አንድ ሰው ይመደብ፣ ተሳፋሪ እንዲቆጥር አይታዘዝ። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው ከሰጣችሁት በግርግር መጀመሪያ የሚጠፋው ብስክሌት ነው። በሩ ላይ ገቢና ወጪ ይመዝግብ፤ ባቡሩ ተነስቶ ሰው ሲረጋጋ መደርደሪያ በመደርደሪያ ይቁጠር። ኮርቻ ነው የሚቆጠረው። ጎማ ቆጥሮ ለ2 ማካፈል ከውስጥ ያለውን ብስክሌት ይደብቃል፣ እጀታ ደግሞ ይጠላለፋል። የበሩና የመደርደሪያው ቁጥር ካልተስማማ የመደርደሪያውን ያዙ። ታጣፊ ብስክሌት በየትኛውም ፉርጎ ስለሚገባ የራሱ ዓምድ ይኑረው፤ ቦታ ያጡ ሰዎች ታጣፊ ሲገዙ ከብስክሌት ፉርጎ ቁጥር ወጥተው ባቡሩ ውስጥ ግን አሉ። ጣቢያው ላይ ቆልፈውት የሚሄዱትም እንዲሁ፤ በቆጠራው ሳምንት የቁልፍ ሳጥኖቹንና የማሰሪያ ብረቶቹን ዞሮ ማየት አንድ ቀን አይፈጅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም! «የቀረ» በሚለው ዓምድ ላይ ቆጣሪው ማንም አለመቅረቱን ካየ 0 ይጻፍ፣ ካላየ «አልታየም» ይጻፍ። ባዶ የተተወ ሕዋስ ኤክሴል ላይ ሲደመር ዜሮ ይሆናል፣ «በዓመቱ የተመለሰ ብስክሌት የለም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ከዚያ ይወለዳል። ወረቀቱን የሚገለብጠው ሰው ባዶውን በራሱ ግምት እንዳይሞላ ደግማችሁ ንገሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ ወደ ታች የሚያይ የበር ሴንሰር ብስክሌት የሚገፋን ሰው አንዳንዴ ሁለት ሰው ያደርገዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይቆጥረውም። የብስክሌት ፉርጎ በሮች ማረሚያ (የሴንሰሩን ቁጥር የሚያስተካክለው ማባዣ) በእጅ ቆጠራ ተፈትሾ ለብቻ ይውጣ። የሌላውን ፉርጎ ማረሚያ እዚያ አታምጡ።

ሌሎች

ዝናብ። የካቲት በዚያ አካባቢ የዝናብ ወር ነው፤ ተሳፋሪው ብዙም አይነቃነቅም፣ ብስክሌቱ ግን ይቀንሳል። የዘነበበትን ቀን ቁጥር ከደረቁ ጋር ቀላቅላችሁ አማካይ አታውጡ፤ የብስክሌቱን ብቻ በደረቅ ቀን ድገሙት።

የቤዝቦል ጨዋታ። ስታዲየሙ ከሳን ፍራንሲስኮው ጣቢያ በእግር የሚደረስ ነው። ውድድሩ ባለበት ወቅት ቆጥራችሁ ውድድሩ በሌለበት ወቅት ከተቆጠረ ጋር አታወዳድሩ።

ጥቃቅን ጣቢያዎች። ኮሌጅ ፓርክ የሚቆሙት ባቡሮች ጥቂት፣ መንገደኞቹም በአብዛኛው የአጠገቡ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው። እዚያ «በ40 በመቶ አደገ» ማለት አንድ ክፍል ልጆች ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉ፣ በመቶኛውን ተዉት።

ትዌንቲ ሰከንድ ስትሪት በሁለት ዋሻዎች መካከል ነው። ጂፒኤስ እዚያ ሲጠፋ ተሳፋሪው ለጎረቤት ጣቢያ ይመዘገባል። ጣቢያውን በመቆሚያ ቅደም ተከተል ለዩት።

በመጋቢትና በኅዳር ሰዓት ሲቀየር ሰዓቱ ያልተስተካከለ መሣሪያ ባቡሩን ለሌላ ጉዞ ይሰጠዋል። ከሰኞ በፊት ይታይ።