የባሕር ኃይል ጭነት መርከብን የአገልግሎት ታሪክ እንዴት ማጠናቀር ይቻላል?

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የመርከቧን ስም ብቻ ይዞ ሲነሣ ነው። ስም ይለወጣል፣ ከአንዲት መርከብ ወደ ሌላዋም ይተላለፋል፤ ስለዚህ መነሻው የተሠራችበት ቦታና ዘመን፣ እንዲሁም በየጊዜው የተሰጣት መለያ ቁጥር ሊሆን ይገባል።

የአሜሪካዋ ፑዌብሎ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊስኮንሲን ውስጥ ኪዋኒ በምትባል ከተማ ተሠርታ በ1944 ውኃ ላይ ስትወርድ ባለቤቷ ባሕር ኃይሉ ሳይሆን ምድር ጦሩ ነበር፤ መጠሪያዋም ኤፍፒ-344 የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። ባሕር ኃይሉ በ1966 ሲረከባት ፑዌብሎ የሚል ስም ሰጥቶ፣ ኤኬኤል-44 በሚል ቁጥር ከቀላል ጭነት መርከቦች ጋር መዘገባት፤ በ1967 ደግሞ ኤጂኢአር-2 ተብላ የስለላ ተግባር ተሰጣት። በስሟ ብቻ የ1944ን መዝገብ የሚያገላብጥ አጥኚ የሚያገኘው ጭነት መርከቧን ሳይሆን፣ በዚያው ዓመት አገልግሎት የጀመረችውን ፑዌብሎ የተባለች ፍሪጌት (አጃቢ የጦር መርከብ) ነው። የእኛዋ የባሕር ኃይል መርከብ «ኢትዮጵያ»ም፣ ጭነት መርከብ ባትሆንም፣ ከ1962 በፊት የሚገኘው ታሪኳ ኦርካ በሚል የአሜሪካ ስሟ ነው።

ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ከተሰለፉ በኋላ ወደ ዕለታዊ መዝገቡ ይገባል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦች የቆዩ መዛግብት በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ይገኛሉ። መዝገቡ የመርከቧን አቅጣጫ፣ የአየሩን ጠባይና ወደብ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ይይዛል እንጂ የጉዞውን ምክንያት እምብዛም አይናገርም። ንባቡ አሰልቺ ነው፤ ሆኖም የጭነት መርከብ ታሪክ በአብዛኛው የሚገኘው ከተደጋገሙት ወደቦች ስለሆነ ሊዘለል አይገባም።

ቀኖች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፑዌብሎ በሰሜን ኮሪያ የተያዘችው ጃንዋሪ 23 ቀን 1968 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 14 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው። የሰሜን ኮሪያ ጀልባዎች እኩለ ቀን ገደማ ሲቀርቧት ግን በዋሽንግተን ገና የጃንዋሪ 22 ምሽት ስለነበር፣ የትኛው ሰዓት እንደተወሰደ ከቀኑ አጠገብ መጻፍ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መርከቧ የምትገኝበት ቦታና በመዝገብ ላይ ያላት ደረጃ ለየብቻ ይጻፉ። ከ83ቱ ሠራተኞች አንዱ ሞቶ 82ቱ በዲሴምበር 1968 ቢለቀቁም፣ ፑዌብሎ ራሷ ዛሬም ፒዮንግያንግ ውስጥ ለጎብኚዎች ትታያለች፤ በአሜሪካ ባሕር ኃይል መዝገብ ግን አሁንም በአገልግሎት ላይ እንዳለች ስለምትቆጠር፣ «አገልግሎቷ በ1968 አበቃ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው።