በሬዲዮሄዱ «ክሪፕ» ምሳሌነት የነጠላ ዜማን አቀባበል መመርመር

የአንድን ነጠላ ዜማ አቀባበል ለመረዳት የሚሻ ሰው በመጀመሪያ የወጣበትን ጊዜና አገር ለይቶ መያዝ አለበት። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ሬዲዮሄድ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ክሪፕ» በአገሩ የሽያጭ ሠንጠረዥ 78ኛ ላይ ቢቀርም፣ በእስራኤል ሬዲዮ ተደጋግሞ በመሰማቱ ተወድዶ፣ በአሜሪካም ገንኖ፣ በ1993 በብሪታንያ ዳግም ሲወጣ 7ኛ ደረጃ ደርሷል። ስለዚህ የየአገሩን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማስተያየት እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከዚያ ዘፈኑን ራሱን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል፤ አዝማቹ ሊገባ ሲል የባንዱ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ግሪንውድ ጊታሩን በኃይል ሲመታው የሚወጣው ሻካራ ድምፅ፣ በእኔ እምነት፣ ከግጥሙ ባላነሰ አድማጭን የያዘ ነው። ባንዱ ለዓመታት ዘፈኑን በመድረክ ከመጫወት መቆጠቡም ከአድማጩ ፍቅር ተለይቶ ሊመዘገብ ይገባዋል።